ሁለተኛው ወረቀት

ስኮትዴል፣ አትላንታ
ኅዳር 5 ቀን

ለባልንጀራዬና ለወንድሜ ለፊልጶስ፣

እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኔ በሕይወትና በመጠነኛ ጤና አለሁ። አንተም ከነጉልበት ሕመምህ በሆሳዕና ጎዳና እንደ ልማድህ ትመላለስ ዘንድ ምኞቴ ነው። ጆሮህ ስልክ አልሰማ ካለ ወዲህ ወደ ወረቀት መመለሳችንን እንደ ጉዳት አልቆጥረውም። አርባ ዓመት በማተሚያ ቤት የሰው ጽሑፍ ሳርም ኖሬ፣ የራሴን ሐሳብ በቅጡ መጻፍ የጀመርኩት በአንተ ጆሮ ሰበብ ነው። ስጨርስ ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሃለሁ፤ የእጄ መንቀጥቀጥ እንዳይታይህ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ልጅህ ሩሐማ አልተሾመችም፤ ነገሩ ሹመት አይደለም። እዚህ አገር ሕዝቡ ድምፅ ሲሰጥ የፕሬዚዳንቱና የምክትሉ ስም በድምፅ መስጫው ላይ እንደ ሙሽሮች ጎን ለጎን ተጽፎ ያገኘዋል። ይሁን እንጂ በሕጉ ዓይን ሕዝቡ የሚመርጠው እነርሱን ሳይሆን ስማቸው እምብዛም የማይታወቅ መራጮችን ነው። ይህች የምንኖርባት ግዛት፣ ጆርጂያ፣ አሥራ ስድስት መራጮች አሏት። እነዚህ ሰዎች በታኅሣሥ በተቆረጠ ቀን በግዛቲቱ ምክር ቤት ተሰብስበው ሁለት ጊዜ ይመርጣሉ፦ በአንደኛው ወረቀት ፕሬዚዳንቱን፣ በሁለተኛው ምክትሉን። ጥንት ወረቀቱ አንድ ነበር አሉ፤ በድምፅ ሁለተኛ የወጣው ምክትል ይሆን ነበር። ተቀናቃኝና ተቀናቃኝ በአንድ ቤተ መንግሥት ተቀምጠው ሥራ ሲበላሽ ጊዜ ለሁለት ከፈሉት።

ሩሐማ ከአሥራ ስድስቱ አንዷ ናት። በዲቪ መጥታ ሦስት ዓመት እኔ ዘንድ የኖረችው ያቺ የምታውቃት ዝምተኛ ልጅህ፣ ዜግነቷን ካገኘች ወዲህ ከሆስፒታል ሥራዋ እየወጣች የዚህን ሰፈር ስደተኛ በየአፓርታማው እየዞረች ስታስመዘግብ ኖራለች። ፓርቲዋ ይህን ቆጥሮላት ነው ያጫት። ፓርቲዋም እዚህ አሸነፈ። ከዚያም በላይ፣ በዕለቱ ሁለተኛውን ወረቀት ቆጥራ ውጤቱን ጮክ ብላ የምታነበው እርሷ ናት። ብታይ እንዴት ደስ እንዳላት!

ስለ ደኅንነቷ ለጠየቅከኝ፣ ደኅና ናት።

ወንድምህ ተገኝ

* * *

ሆሳዕና
ኅዳር 11 ቀን

ተገኝ ወንድሜ፣

ስለ መራጮቹ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍክልኝ፤ ስለ ልጄ ሁለት ቃል። አራሚ ስለሆንክ ቃል መቆጠብ ታውቅበታለህ፤ እኔም የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩና በካርታ ላይ ባዶ የተተወ ቦታ ያስፈራኛል።

የአትላንታው ቤተ ክርስቲያናችሁ አባል እታገኝ ለእኅቷ ልጅ ሠርግ መጥታ ትናንት ጠየቀችኝ። በጆሮዬ እየጮኸች ስለ ሁሉም ነገረችኝ። ስለ ሩሐማ ስጠይቃት ግን ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ለደንቆሮ ድምፅ ዝቅ ሲደረግለት ምን ማለት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። በወረቀት ጻፊልኝ አልኳት። «አንድ ሳምንት ሙሉ ቤቷ አላደረችም። ስሟን ከፖስታ ሣጥኗ ላይ ነቅላለች» ብላ ጻፈችልኝ። እኔ ራሷን ሩሐማን በቴሌግራም ስጠይቃት «አባዬ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ትለኛለች።

ሁለተኛውን ወረቀት ጮክ ብላ ታነባለች ስትለኝ ደስ የሚለኝ መስሎህ ነው። እኔ በ1973 ለቀበሌያችን ምክትል ሊቀ መንበር የተሰጠውን ድምፅ ቆጥሬ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ያነበብኩት ስም ካድሬዎቹ የፈለጉት አልነበረም። ስለ ሊቀ መንበሩ ማንም አልተናገረኝም፤ ስምንት ወር የታሰርኩት በምክትሉ ነው። አንተ ያን ቀን አብረኸኝ ልትቆጥር ተመድበህ ነበር፤ ታመህ ቀረህ።

ልጄ ምን ሆናለች? ሳትቆጥብ ጻፍልኝ።

ፊልጶስ

* * *

ስኮትዴል
ኅዳር 15 ቀን

ወንድሜ ፊልጶስ፣

ይቅርታህን እለምናለሁ። የደበቅኩህ ሩሐማ ለምናኝ ነው፤ ግን ለመደበቅ ብዙ መለመን አላስፈለገኝም፣ ይህንንም ልናዘዝልህ።

ውጤቱ በተነገረ በሦስተኛው ቀን ሩሐማ ሳንዲ ስፕሪንግስ ካለው ሆስፒታል ወጥታ ወደ መኪናዋ ስትሄድ በዝናብ መጥረጊያው ሥር ፖስታ አገኘች። ቴምብር የለውም። ውስጡ በኮምፒውተር የተጻፈ ሦስት መስመር ነበር፦ «አንደኛውን ወረቀት ሙዪ። ሁለተኛውን ባዶ ተዪው። የት እንደምትኖሪ እናውቃለን።» ከሥሩ የአፓርታማዋ ቁጥር።

ለምን ሁለተኛውን ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል። ለምክትልነት የታጩት ሴት ከፕሬዚዳንቱ ይልቅ የሚጠሏቸው ሰዎች አሉ፤ ምክንያቱን ብጽፍልህ ወረቀቱን ማርከስ ነው። ፓርቲው በመላው አገር ያሸነፈው ከመራጮቹ ግማሽ በሁለት ድምፅ ብቻ በልጦ ነው። ሁለት መራጮች ሁለተኛውን ወረቀት ባዶ ቢተዉት እኒያ ሴት ከግማሽ በላይ አያገኙም፤ ያን ጊዜ ምክትሉን የሚመርጠው የዋሽንግተኑ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ይሆናል፣ እዚያ ደግሞ አብላጫው የሌላው ወገን ነው። እንግዲህ ሁለት ሰው ማስፈራራት ይበቃቸዋል። ከእኛ ግዛት ፖስታው የደረሳቸው ሦስት ናቸው።

ፖሊስ ያውቃል። አልፎ አልፎ መኪናቸው በደጇ ያልፋል። እርሷ ግን አንድ ሳምንት ከሥራ ጓደኛዋ ዘንድ፣ አንድ ሳምንት ከሌላዋ ዘንድ ታድራለች። እኔ ዘንድ እንድትመጣ ብለምናት «የእርስዎን ቤት ማንም አያውቀውም ጋሼ፤ እንደዚያው ይቆይ» አለችኝ።

«ልጄ፣ ለምን አትተዪውም?» አልኳት።

«ሪዛይን አላደርግም። አንድ ሰው ፈርቶ ከወጣ ነገ የሚጽፉት ለአሥራ ስድስቱም ነው።»

«አንቺስ አትፈሪም?»

«ጋሼ፣ መኪናዬን ከማስነሣቴ በፊት ተንበርክኬ ከሥሯ አያለሁ። ምን እንደማይ እንኳ አላውቅም። ፕሊስ፣ ለአባዬ እንዳይነግሩብኝ።»

ነገርኩህ። ከዚህ በኋላ የአንተ ነገር ነው።

ተገኝ

* * *

ሆሳዕና
ኅዳር 18 ቀን

ተገኝ፣

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት።

እንዲህ አድርግልኝ። ከዚህ ጋር ለእርሷ የጻፍኩትን ገጽ ልኬልሃለሁ። በስልኳ ብልክላት ከንፈሯን ነክሳ ታልፈዋለች፤ አንተ ወረቀት ላይ ገልብጠህ፣ በእጅህ ስጣት፣ ስታነበውም ፊቷን እይልኝ። እንድትተወው አዝዣታለሁ። እምቢ ብትል ደግሞ አንድ ትልቅ ሰው ይዘህ ወደ መደቧት የፓርቲ ሰዎች ግባ። የሰው ልጅ ለትዳር ልትጠይቅ በሽምግልና እንደምትሄደው ሆነህ ሂድ። «ልጃችንን ማሩን» በል። ሰው ናቸው፤ ልጅ ይኖራቸዋል።

ሌላ አልልህም።

ፊልጶስ

* * *

ስኮትዴል
ኅዳር 27 ቀን

ወንድሜ፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ዝም በማለቴ ስንት እንደተጨነቅህ አላጣሁትም። እንደሆነው አድርጌ እጽፈዋለሁ፤ ፍርዱን ለአንተ እተዋለሁ።

ደብዳቤህን ለሩሐማ አልሰጠኋትም። እንባዋን ማየት ፈራሁና አስቀድሜ ሰዎቹን ላናግር፣ ምናልባት እርሷ ሳታውቀው ነገሩ በሰላም ያልቃል አልኩ። ጎረቤቴን ሱልጣንን ለመንኩት። ሃያ ሁለት ዓመት ታክሲ የነዳ፣ መስጊዳቸው ውስጥ ባልና ሚስት በማስታረቅ የታወቀ ሰው ነው። ሙሉ ልብስ ለብሶ በራሱ መኪና የፓርቲው ቢሮ ወዳለበት ወደ ዲኬተር ወሰደኝ።

«ጋሼ ተገኝ፣ ምን ይዘን ነው የምንገባው?» አለኝ መንገድ ላይ።

«አፋችንን።»

«የእኔ እንግሊዝኛ የታክሲ ነው። የት ላድርስዎ፣ መልካም ቀን ይሁንልዎ። ከዚያ አያልፍም።»

«እኔ እናገራለሁ። አንተ ግርማ ሞገስ ጨምርልኝ።»

«እሱስ ሞልቶኛል» አለና ከረባቱን በመስታወት አስተካከለ።

በፓርቲው ቢሮ የተቀበለችን አንዲት ጎልማሳ ሴት ናት፤ ብቻዋን ነበረች። በትሕትና «ተቀመጡ» አለችን። እኔም እንደ ወጋችን እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አልኳት። ደግማ ለመነችን። ሱልጣን ራሱን ነቀነቀ። ልብ በል፤ ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ የቆምነው በሩ ላይ ነው። «ሩሐማን ከዝርዝሩ እንድታወጡልን ነው የመጣነው፤ እሺ ሳትዪን አንሄድም» አልኩ። ሴትዮዋ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። «ማን ነው የላካችሁ?» አለች። እኔ ለክብር መስሎኝ «ከባሕር ማዶ የተላክን ነን» አልኳት።

እጇ ወደ ስልኳ ሲሄድ አየሁ። እርሱንም ለመስማማት ሰው ልትጠራ መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሁለት መርማሪዎች በሬን አንኳኩ፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ሴቲቱ ከማስታወሻዋ እያነበበች ጠየቀችኝ።

«በሩ ላይ ቆማችሁ ነበር?»

«አዎን።»

«ተቀመጡ ስትባሉ እምቢ አላችሁ?»

«አዎን።»

«ስሟ ካልወጣ አንሄድም ብላችኋል?»

«አዎን፣ ግን እርሱ...»

«ማን ላካችሁ?»

ፊልጶስ፣ እዚህ ላይ ብዕሬ ይከብደኛል። ከሁለቱ አንዳቸውም አላስፈራሩኝም። እኔ ግን አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ስምህን ከነአባትህ፣ ከተማህን፣ መምህር መሆንህን፣ ያልጠየቁኝን ታስረህ መፈታትህን ሳይቀር ዘረገፍኩላቸው። ለሩሐማ የጻፍከውን ገጽ ፎቶ ከስልኬ አውጥቼ ላክሁላቸው። በዚያው ሰዓት ከግድግዳው ወዲያ ሌሎች መርማሪዎች ሱልጣንን ሲጠይቁት፣ «ሐሳቡ የእኔ ነው። ሽማግሌውን ይዤው የሄድኩት እኔ ነኝ» ብሏቸው ነበር። በኋላ ሰማሁ። ከእኔ ቃል ጋር ስላልተስማማ ሁለት ሰዓት ተጨማሪ ጠየቁት።

ማምሻውን ሩሐማ መጣች። አልተቀመጠችም።

«የአባዬን ደብዳቤ ከፖሊስ ስልክ ላይ ነው ያነበብኩት» አለችኝ። «ለእኔ የተጻፈውን። ዩ ኖው፣ እኔን 'ይህ የማን ጽሑፍ ነው' ብለው ጠየቁኝ፤ እኔም የአባቴን እጅ ጽሑፍ አውቄ መሰከርኩበት።»

«ልጄ፣ በደግ ነው...»

«አውቃለሁ። ቢሮው በሌላ ሰው ሪፕሌስ ላድርጋት ወይስ ትቀጥል እያለ ነው። ውጭ አገር ያለ ሰው ጫና አድርጎባታል ተብሎ ተጽፏል። እነዚያ ሰዎች ያላስወጡኝን እርስዎ ሊያስወጡኝ ነው ጋሼ።»

በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ሄደች። ብታላጋው ይሻለኝ ነበር።

አንተን የሚነካ ነገር እንደማይኖር መርማሪዋ አረጋግጣልኛለች። እኔ ግን ስምህን ሰጥቻለሁ።

ተገኝ

* * *

ሆሳዕና
ታኅሣሥ 1 ቀን

ተገኝ፣

ስሜን በመስጠትህ አልተቀየምኩም። በዚህ ዕድሜዬ ስሜን ማን ምን ያደርገዋል?

ለሩሐማ ሌላ ገጽ ጽፌአለሁ፤ በቀጥታ ወደ ራሷ ነው የላክሁት። የቀድሞ ትእዛዜን አንሥቻለሁ። ልጄ ፈርታ መኪናዋ ሥር ተንበርክካ እያየች የምትሄድበትን ሥራ፣ እኔ ከሩቅ ሆኜ አቁሚ ልላት አልችልም። ይህን ከአንተ ደብዳቤ ነው የተማርኩት፤ ስለዚህ ምስጋና አለብህ።

ጥያቄህን ልመልስልህ። «ወረቀቱን ማንበብህ ጸጽቶህ ያውቃል?» ብለህ በኅዳግ ላይ በትንሹ ጽፈሃል፤ ፎቶውን አጉልቼ አነበብኩት። አንድም ቀን አልጸጸተኝም። ሩሐማ እንድትተወው የለመንኩህ ወረቀቱን ፈርቼ አልነበረም። እዚያ አገር ከእርሷ ጋር የሚቆም ትልቅ ሰው አንተ ብቻ ነህ፤ እንደማትቆምም አውቅ ስለነበር ነው።

ያን የቆጠራ ቀን አልታመምክም ነበር። በመኪና ሲጭኑኝ በመስኮትህ መጋረጃ ጫፍ አይተኸኛል፤ እኔም አይቼሃለሁ። ተፈትቼ ስመጣ ዳቦና ማር ይዘህ ቀድመህ የመጣኸው አንተ ነህ፤ በላሁ። ይህን ያህል ዘመን ያልነገርኩህ ወዳጅነታችንን ስለምወደው ነው። ዛሬ የምነግርህ ልጄን ስለምወዳት ነው።

ቀኑ ደርሷል። የት ትሆናለህ?

ፊልጶስ

* * *

ስኮትዴል
ታኅሣሥ 9 ቀን

ወንድሜ ፊልጶስ፣

የመጨረሻ ደብዳቤህን ከተቀበልኩ ጀምሮ መልስ አልጻፍኩም፤ መልሱ የሚጻፍ አልነበረምና። ስለ መስኮቱ የጻፍከው ሁሉ እውነት ነው። መጋረጃው ሰማያዊ ነበር።

አሁን ትናንት ማታ በቴሌግራም የደረደርክልኝን ጥያቄዎች በተራ ልመልስ።

ሩሐማን አላስወጧትም። ቢሮው ፊት ቀርባ፣ «እነዚህ ሽማግሌዎች የመጡት ስለሚወዱኝ ነው፤ በሩ ላይ የቆሙት ስላከበሯችሁ ነው። እኔ በፈቃዴ እቀጥላለሁ» አለቻቸው። ሴትዮዋም ወጋችን ምን እንደሆነ ስትሰማ ፊቷን በእጇ ሸፈነች አሉ። ሆኖም የተጻፈ ተጽፏል። እያንዳንዱ መራጭ አንድ እንግዳ ይዞ መግባት ይችል ነበር፤ ሩሐማ ስሜን ብታስመዘግብም ጥበቃዎቹ ሰረዙት። የእኔና የሱልጣን ፎቶ በር ላይ ከተከለከሉት መካከል ነበር። ይህንን ያደረግሁት እኔ ራሴ ነኝ። አጠገቧ ልቆም ስወስን፣ የምቆምበትን ቦታ አስቀድሜ አጥፍቼው ነበር።

ስለዚህ ደጅ ቆምኩ።

ምክር ቤቱ ባለ ወርቅ ጉልላት ሕንፃ ነው፤ በስተምዕራቡ ደረጃ ሥር ምርጫውን የሚቃወም ስልሳ የሚሆን ሰው ተሰብስቦ ነበር። ድምፅ ማጉያ ይዘዋል። የአሥራ ስድስቱን ስም በየተራ እያነበቡ ይጮኹባቸዋል። የሩሐማን ስም ሦስት ዓይነት አድርገው አጣመሙት፤ ግን እርሷ እንደሆነች ታወቀ፤ ለእርሷ የጮኹት ከሌሎቹ ይልቅ ረጅም ነበር። ውጭ ሌላ መቆሚያ ስላልነበረ የቆምኩት በእነርሱ መሐል ነው። ፂሙን ያሳደገ አንድ ሰውዬ ትከሻዬን ነካ አድርጎ «አንተ የማን ወገን ነህ?» አለኝ። «ሰው እጠብቃለሁ» አልኩት።

ሱልጣን ማቆሚያ አጥቶ በሕንፃው ዙሪያ ይነዳ ነበር። ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ፓርኪንግ የሚባል የለም፤ እየዞርኩ ነው። ከከበደዎት እጅዎን ከፍ ያድርጉ፤ እንደ ታክሲ ጭኜዎት እጠፋለሁ።» አንድ ጊዜ በፊቴ አለፈ። ሁለተኛ አለፈ። በሦስተኛው ዙር ፍጥነቱን ቀንሶ በመስኮት አየኝ። እጄን ኪሴ ውስጥ ጨበጥኩት። እመነኝ ፊልጶስ፣ እጄ መውጣት ፈልጎ ነበር።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን በሮቹ ተዘጉ። ውስጥ የሆነውን አላየሁም። ሰባት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ከሰዎቹ አንዱ ስልኩን ተመልክቶ ክፉ ቃል ተናገረ፤ ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ጮኹ። በዚያ ጩኸት ነው ያወቅኩት፦ ለፕሬዚዳንቱ አሥራ ስድስት፣ ለምክትላቸው አሥራ ስድስት። ሁለተኛውን ልጅህ ቆጥራ አነበበችው። ፖስታ የደረሳቸው ሌሎቹ ሁለትም ጽፈዋል።

«አለቀ ወይ?» ብለሃል። አላለቀም። ስድስት ቅጂ ፈርመዋል፤ ስሟ በስድስቱም ላይ አለ። ታኅሣሥ 28 ቀን ዋሽንግተን ላይ ፖስታዎቹን የሚከፍቱት አሁን በሥልጣን ያሉት ምክትል ፕሬዚዳንት ናቸው፤ አንዱ ምክትል የሌላውን መመረጥ ያውጃል። እስከዚያ ድረስ፣ ምናልባትም ከዚያ በኋላ፣ ያን ፖስታ የጻፈ ሰው የት እንዳለ ማንም አያውቅም። ሩሐማ ከትናንት ጀምሮ እኔ ዘንድ ናት። ዛሬ ጠዋት መኪናዋን ከማስነሣቷ በፊት ከሥሯ ያየሁት እኔ ነኝ። ምን እንደማይ እኔም አላወቅሁም።

ፈርተህ ነበር ወይ ላልከኝ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፈርቻለሁ። አሁንም ይህን ስጽፍ እፈራለሁ፤ ጽሑፌን ስታይ ታውቀዋለህ፣ ዛሬ ቀስ ብዬ አልጻፍኩም።

የትናንቱን መጨረሻ ልንገርህና ላብቃ። መራጮቹን በጎን በር አንድ በአንድ አወጧቸው። ሰዎቹ ይህን አውቀው ወደዚያ ሮጡ፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ተገፋሁ። ሩሐማ ግራጫ ካፖርት ለብሳ ከአንድ ጠባቂ ጋር ወጣች። ሃምሳ ስልክ ወደ ፊቷ ተነሣ። አየችኝ። ዓይኗ ዓይኔ ላይ አረፈ፤ ከዚያም እንደማታውቀኝ ሆና ቀና ብላ አለፈችኝ። ወዲያው ገባኝ። እኔን ከእነርሱ ስልክ ልታድነኝ ነው።

ዝም ብል ማንም አያውቀኝም ነበር። ጠባቂውን አልፌ ክንዷን ያዝኩ።

«ጋሼ፣ ይልቀቁኝ» አለችኝ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። «እርስዎንም ያዩዎታል።»

«ይዩኝ» አልኳት። ወደ መኪናው ሄድን።

ወንድምህ ተገኝ